ኤንቪዲኤ፦ ከቤቱ ሆኖ በአማርኛ ለሚሠራ ዐይነ ስውር ምን ያህል ይበቃል?

ላለፉት ስድስት ዓመታት የምተዳደረው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጎምና የአማርኛ ጽሑፎችን በማረም ነው። መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ፣ ጀሞ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጠረጴዛ ሲሆን፣ መሣሪያዎቼም አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ናቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዐይነ ስውር ስለሆንኩ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ የሚደርሰው በዚህ ፕሮግራም ድምፅ ነው። ስለ ኤንቪዲኤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ግምገማዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቻቸው በእንግሊዝኛ የሚሠራን ሰው አስበው ስለሚጽፉ፣ እንጀራው ከአማርኛ የሚወጣ ሰው ጠቃሚ ነገር ሳያገኝባቸው ይቀራል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ለእርሱ ነው።

አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ጉዳይ አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ምቹ የሥራ ሁኔታና ተስማሚ መሣሪያ እንዲያሟላ፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብለት ግዴታ ይጥላል። ግዴታው የሚጠቅመው ግን አሠሪ ያለውን ሰው ነው። የራሱን ሥራ የፈጠረ ሰው አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ በመሆኑ፣ መሣሪያውን የሚገዛው፣ አጠቃቀሙን የሚማርበትን ወጪ የሚሸፍነው፣ መሣሪያው ያልቻለውንም በራሱ ሰዓት የሚያካክሰው እርሱው ነው። ስለዚህ የአንድን ስክሪን ሪደር ዋጋ የምለካው በመግዣው ብቻ ሳይሆን አንድን ሥራ ለመጨረስ ከእኔ በሚወስደው ተጨማሪ ሰዓት ጭምር ነው፤ ኤንቪዲኤንም የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

በመግዣው ከሆነ ተወዳዳሪ የለውም። ኤንቪዲኤ በነጻ የሚገኝና ምንጭ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዐይነ ስውር ሲሆን፣ በልጅነቱ በዐይነ ስውራን የሙዚቃ ካምፕ ከተዋወቀው ከጄምስ ቴህ ጋር ሆኖ በ2007 ኤንቪ አክሰስ የተባለውን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ሁለቱን ያነሣሣቸው የስክሪን ሪደሮች ውድነት ነበር። ዛሬም ቢሆን ጃውስ የተባለው የታወቀ ስክሪን ሪደር ለዘለቄታ የሚገዛው የሙያ ፈቃዱ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ገና የመጀመሪያ ደንበኛውን ላላገኘ ሰው ይህን ያህል ዶላር ፈልጎ ከውጭ መግዛት የማይታሰብ ነው። በተማሪነታችን ዘመን ብዙዎቻችን እንጠቀምበት የነበረው ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነበር። ከደንበኛ ጋር ውል ፈርሞ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ተገቢም አስተማማኝም አይደለም። ኤንቪዲኤ ከዚህ ችግር አውጥቶኛል፤ በዚህ ብቻ እንኳ ባለውለታዬ ነው።

አጠቃቀሙን በአጭሩ ልግለጽ። በዊንዶውስ ላይ ይጫናል፤ በፍላሽ ይዞ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ማስነሣትም ይቻላል፤ ይህ ደንበኛ ቢሮ ድረስ ሄጄ ሰነድ ማየት ሲኖርብኝ ብዙ ጊዜ ረድቶኛል። ትእዛዞቹ የሚሰጡት ኢንሰርት ወይም ካፕስ ሎክ ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ ተጭኖ ነው። በኢንተርኔት ገጽ ላይ «ኤች»ን በመጫን ከርእስ ወደ ርእስ፣ «ኬ»ን በመጫን ከሊንክ ወደ ሊንክ፣ «ቢ»ን በመጫን ከበተን ወደ በተን መዝለል ይቻላል። በወርድ ሰነድ ውስጥ ደንበኛው የጻፈውን አስተያየትና የተመዘገቡ ለውጦችን ያነባል፤ ለተርጓሚና ለአራሚ ይህ የሥራው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ ቅንብር ማስቀመጥም ስለሚቻል፣ የእኔ ኮምፒዩተር ኢንተርኔቱን በእንግሊዝኛ ድምፅ፣ ወርድን በአማርኛ ድምፅ እያነበበ ራሱ ይቀያይራል። በእንግሊዝኛ ብቻ ብሠራ ኖሮ ግምገማዬ እዚህ ላይ በሙሉ ምስጋና ባለቀ ነበር።

የአማርኛው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኤንቪዲኤ ራሱ ድምፅ የለውም፤ የሚያናግረው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ አብሮት የሚመጣው ደግሞ ኢስፒክ ኤንጂ ይባላል። ኢስፒክ ከመቶ በላይ ቋንቋዎችን ሲናገር አማርኛ አንዱ ነው። ድምፁ ከሰው ንግግር የተቀዳ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ በቀመር የሚፈጥረው ነው፤ በዚህም ምክንያት መጠኑ ትንሽ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቁልፍ በተነካ ቅጽበት ይመልሳል፤ ፍጥነቱ በጣም ሲጨመርም ቃላቱ አይደባለቁም። በሌላ በኩል ድምፁ ደረቅ ነው፤ ለመልመድ እኔን ሦስት ሳምንት ያህል ወስዶብኛል። ድርቀቱን ጆሮ ይለምደዋል።

የማይለመደው የፊደል መጥበቅና መላላት ነገር ነው። ጽሕፈታችን ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ለይቶ አያሳይም፤ የሚለየው አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ነው። «ገና» በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ሲባል ይላላል፤ «አለ» መናገርን ሲገልጽ ላልቶ፣ መኖርን ሲገልጽ ጠብቆ ይነበባል፤ ልብስ ሰፊውና ሰፊው ሜዳ በጽሑፍ አንድ ናቸው። ኢስፒክ ዐውድ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መንገድ ይላቸዋል። ሳድስ ፊደላት ተደራርበው ሲመጡም አናባቢውን የማይገባ ቦታ ላይ ይጨምራል፣ ወይም ከሚገባው ቦታ ያነሣል። ለተራ ንባብ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ አማርኛ ተናጋሪ በሐሳቡ እያቃና ይሰማል። ለአራሚ ግን ችግሩ ሌላ መልክ አለው፦ ትክክል የተጻፈው ቃል ራሱ ተጣሞ ስለሚሰማ፣ በስሕተት የተጻፈው ቃል ከእርሱ ተለይቶ ጆሮን አይኮረኩርም። አንድ ጊዜ ለአንድ የጤና ትምህርት በራሪ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ትርጉም ውስጥ «ይታከማል» በሚል ፋንታ «ይታመማል» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ አዳምጬው አልፎኛል። ያገኘችው ከመታተሙ በፊት ያነበበችልኝ እኅቴ ናት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሰነድ በኢስፒክ ብቻ ሰምቼ አላስረክብም።

ሁለተኛው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ ያደከመኝም፣ መፍትሔውን በማግኘቴ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝም ይኸው ነው። «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን፤ «ሠ»ን እና «ሰ»ን፤ «አ»ን እና «ዐ»ን፤ «ጸ»ን እና «ፀ»ን ጆሮ ሊለያቸው አይችልም። ዐይናማ አንባቢ «ሥራ» በአንድ ገጽ ላይ አንዴ በንጉሡ «ሠ»፣ አንዴ በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሲያይ ጸሐፊው ግድየለሽ መስሎ ይታየዋል። በሥራው መጀመሪያ ዓመት አንድ ደንበኛ ትርጉሜን መልካም ነው ካለ በኋላ «ፊደሉ ግን የተማሪ ይመስላል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ቅር ቢለኝም ትክክል ነበር፤ ስጽፍ የመጣልኝን ፊደል እጠቀም ነበርና፣ ስሰማው ደግሞ ሁሉም አንድ ዐይነት ይሰማ ነበር።

ኤንቪዲኤ የምልክቶችን አነባበብ ተጠቃሚው ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ ቅንብር አለው። የተሠራው በዋናነት ለሥርዐተ ነጥብ ቢሆንም ማንኛውንም ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቃቸውን የፊደላቱን የቆዩ ስሞች አንድ በአንድ አስገባሁበት፦ ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ»፣ ንጉሡ «ሠ»፣ እሳቱ «ሰ»፣ አልፋው «አ»፣ ዐይኑ «ዐ»፣ ጸሎቱ «ጸ»፣ ፀሐዩ «ፀ»። ዘጠኙ ረድፎች በሰባት ሰባት ቤት ሲቆጠሩ 63 ፊደላት ይሆናሉ፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አሁን በቀስት ቁልፍ በአንድ ቃል ላይ ፊደል በፊደል ስሄድ ፕሮግራሙ «ንጉሡ ሥ» ብሎ በግልጽ ይነግረኛል። ይህን ለመሞከር ለሚያስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ደረጃውን ፊደል በፊደል ሲነበብ ብቻ እንዲነገር በሚለው ላይ ካደረጉ በኋላ፣ ፊደሉ ራሱ ወደ ድምፁ ይላክ ወይ በሚለው ምርጫ ላይ ከደረጃው በታች ሲሆን እንዲላክ የሚለውን ይምረጡ። እኔ መጀመሪያ ፈጽሞ እንዳይላክ በሚለው ላይ ትቼው ስለነበር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲነበብ 63ቱም ፊደላት ከየቃላቱ ውስጥ ጠፍተው፣ ለጥቂት ጊዜ ሰነዱን ያበላሸሁት መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ይህ መፍትሔ ጊዜ አያድንም፤ የሚያስገኘው ጥራት ነው። ፊደል በፊደል መሄድ አዝጋሚ በመሆኑ፣ በየሥራው መጀመሪያ ላይ የምጠቀምባቸውን ቃላት አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር ላይ እወስናለሁ፤ በመጨረሻም በወርድ የመፈለጊያና የመተኪያ መስኮት ዝርዝሩን እየተከተልኩ ሰነዱን አንድ ወጥ አደርጋለሁ። ለአንድ ገጽ ትርጉም አንድ ሰዓት ያህል ከወሰደብኝ፣ ፊደሉን ማስተካከልና ደግሞ ማዳመጥ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። በነጻ የተገኘው መሣሪያ እውነተኛ ዋጋው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለደንበኛ ዋጋ ስሰጥም ጨምሬ አስበዋለሁ፤ ሌሎችም እንዲያስቡት እመክራለሁ። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ጊዜ የራሳቸው ድክመት አድርገው ስለሚቆጥሩት ዋጋቸውን ከዐይናማ ተርጓሚ አሳንሰው ይጠይቃሉ። ፍትሐዊ አይደለም፤ ሥራው ሲደርስ እኩል ጥራት አለውና እኩል ዋጋ ይገባዋል።

ከድምፁ ቀጥሎ የሚመጣው እንቅፋት የሰነዶቹ አሠራር ነው፤ በዚህ ኤንቪዲኤ ተወቃሽ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዐት ውስጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም ከየመሥሪያ ቤቱ ይላካሉ። በእነዚያ ፎንቶች ውስጥ ለዐይን «ሰ» መስሎ የሚታየው ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ስለሆነ፣ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የለሽ የፊደላት ጋጋታ ያሰማል። ኢንሰርትን ከ«ኤፍ» ጋር ስንጫን ኤንቪዲኤ ጠቋሚው ያለበትን ጽሑፍ የፎንት ስም ይናገራል፤ የድሮ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንት ከሆነ ችግሩ ወዲያው ይታወቃል፤ ከስሙ ጋር ዩኒኮድ የሚል ቃል ካለ ግን አይሥጉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንበኛው በዩኒኮድ ቀይሮ እንዲልክልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ከጠየቅኋቸው አብዛኞቹ ችግሩን ሰምተውት ስለማያውቁ በደስታ ይተባበራሉ። ስካን ተደርጎ የመጣ ሰነድ ሌላ ፈተና ነው። ኤንቪዲኤ የዊንዶውስን የምስል ንባብ በመጠቀም ከሥዕል ላይ ጽሑፍ ማውጣት ቢችልም፣ አማርኛን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁትም። ለዚህ የምጠቀመው ቴሰራክት የተባለውን ሌላ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ንጹሕ የታተመ ገጽን ደኅና አድርጎ ያነባል፤ ማኅተም ያረፈበትንና የተጨማደደውን ግን ያበላሸዋል።

ለመጨረሻው ማዳመጥ የምመርጠው ማይክሮሶፍት ኤጅ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ የማንበብ አገልግሎት ነው። ኤጅ ውስጥ መቅደስና አመሀ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ሁለቱም ከሰው ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባሉ፤ ጥብቀቱንም ከኢስፒክ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይገምታሉ። ከ«ይታከማል» ስሕተት ወዲህ እያንዳንዱ ሥራዬ ከመላኩ በፊት በመቅደስ ድምፅ ይነበባል፤ በዚህ መንገድ ያገኘኋቸው ግድፈቶች ጥቂት አይደሉም። ጉድለታቸው ሁለት ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብረው ይቋረጣሉ፤ ጽሑፉም ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ተልኮ ስለሚነበብ የፍርድ ቤት ሰነድን፣ የሕክምና ማስረጃን ወይም ምስጢር እንዲጠበቅ የተፈረመበትን ውል በእነርሱ ማስነበብ ተገቢ አይሆንም። እንዲህ ያሉትን በኢስፒክ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን በጣም ቀስ አድርጌ እሰማለሁ።

በሥራው ዙሪያ ያሉት አገልግሎቶች፣ ማለትም ጨረታ የሚወጣባቸው ገጾች፣ የክፍያ መተግበሪያዎችና የግብር ቅጾች፣ የትኛውም ስክሪን ሪደር ቢያዝ የሠሪያቸው ጥንቃቄ ውጤቶች ናቸው። ክፍያ ከምቀበልባቸው መተግበሪያዎች አንዱ ባለፈው ዓመት መልኩን ሲያድስ በተኖቹ ሁሉ ስም አልባ ሆኑ፤ ስልኬ ላይ ያለው ቶክባክ የተባለው ስክሪን ሪደር «በተን፣ በተን፣ በተን» እያለ የትኛው መላኪያ፣ የትኛው መሰረዣ እንደሆነ ሳልለይ ቀረሁ። ለሁለት ወራት ያህል የገዛ ገቢዬን ለማየት የምሥጢር ቁጥሬን ለሌላ ሰው ለመስጠት ተገድጄ ነበር። ደጋግሜ ከጻፍኩላቸው በኋላ የተወሰኑትን አስተካክለዋል። ለአንድ በተን ስም መስጠት ለሠሪው የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ገንዘቤን ራሴ መያዝና አለመያዝ ነው።

ከአዳዲስ ነገሮች ውስጥ የርቀት አጠቃቀሙን ሳላነሣ አላልፍም። ቀድሞ እንደ ተጨማሪ ይጫን የነበረው ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የኤንቪዲኤ አካል ሆኗል። አንድ ዐይነ ስውር በሌላ ከተማ ያለ ጓደኛውን ኮምፒዩተር በራሱ ቁልፎች እያዘዘ፣ የዚያኛውን ድምፅ በራሱ ጆሮ እየሰማ ሊረዳው ይችላል። እኔ ሥራውን የተማርኩት ዐይናማ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየነገረኝ ነበር፤ አሁን የማስተምራት የባሕር ዳር ወጣት ግን ትምህርቷን የምትከታተለው ከቤቷ ሳትወጣ፣ እንደ እርሷ በጆሮ ከሚሠራ ሰው ነው።

ከቤት መውጣትን ካነሣሁ፣ ከቤት መሥራትን ሳመሰግን ሐሳቤ በተሳሳተ መንገድ እንዳይወሰድ እሻለሁ። የተቆፈረ መንገድ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድና የታክሲ ግፊያ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሳይገጥሙኝ መሥራቴ ጉልበቴን ለሥራዬ አትርፎልኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ቀጣሪዎች «አንተ እኮ ቤትህ ሆነህ ብትሠራ ይሻልሃል» ብለውኝ ያውቃሉ፤ የቀረበልኝ ሥራ ግን ቅጥር አልነበረም፣ ዕረፍትም፣ ጡረታም፣ ሕክምናም የሌለው የቁርጥ ክፍያ እንጂ። በአዋጁ የተጣለባቸውን ግዴታ ወደ እኔ ቤት ማዛወር ነበር የፈለጉት። ከቤት መሥራትን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሊመርጥልኝ የሚገባ ሌላ ሰው የለም።

ኤንቪዲኤን ለማን እመክራለሁ? ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጽሑፍ ገልባጭ፣ ለተርጓሚ፣ በስልክና በኢሜይል ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሰው ያለ ማመንታት። ሥዕል ነክ ሥራ ለሚሠራና በስክሪን ሪደር የማይነበቡ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞችን እንዲጠቀም ለሚገደድ ሰው አስቀድሞ በፍላሽ ላይ ጭኖ እንዲሞክር እመክራለሁ። በአማርኛ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ ሳይቀበል ለቅንብሩ ይስጠው፤ ድምፁን ይላመድ፣ ለወርድና ለኢንተርኔት የተለያየ ቅንብር ያብጅ፣ የሞክሼ ፊደላቱን ያስገባ።

የሞክሼ ፊደላቱ ቅንብር በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ ለብቻው በአንዲት ትንሽ ፋይል የሚቀመጥ በመሆኑ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል። የእኔን ለአራት ባልደረቦቼ ሰጥቻለሁ። ባሕር ዳር ያለችው ተማሪዬ ፋይሉን በወሰደች በሦስተኛው ቀን ከዐይኑ «ዐ» ረድፍ ራብዑንና ሳድሱን አቀያይሬ እንዳስገባሁ አግኝታ፣ አርማ መልሳልኛለች።